በሰው መቅደስ ደጃፍ

ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው የሌላ ሃይማኖት ቤተ ጸሎት ሊጎበኝ ይገባዋል? ቢገባስ እንደ ምን ሆኖ ይግባ? ይህን ጥያቄ ያነሣችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከምንኖርባት ከቡለን ወረዳ እጅግ በራቀ ከተማ፣ በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፣ ዋት ፎ በሚባለው የቡድሂስቶች ገዳም በር ላይ ክንዴን ተደግፋ ቆመችና «ወንድሜ፣ እዚህ ብንገባ ኃጢአት አይሆንብንም ወይ?» አለችኝ። ታሪክ አስተማሪ ነኝና ስለ ከተማው፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕንፃው ብትጠይቀኝ የምመልስላት አላጣም ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ ነፍሷ ነው። የነፍስ ጥያቄ በችኮላ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት፤ የደረስኩበትን እነሆ እጽፋለሁ።

ባንኮክ ያደረሰን ሕመም ነው። እትዬ ልቧን ታማ ብዙ ተንከራታለች። ቤተ ዘመዱ ያለውን አዋጣ፤ አንዱ ሰሊጡን፣ አንዱ በሬውን ሸጠ፤ ውጭ አገር ያለ የአክስታችን ልጅ የጎደለውን ሞላ። ከቡለን በድባጤ በኩል ወደ ቻግኒ ወጣን፤ ከቻግኒ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ገባን። ከአዲስ አበባ ባንኮክ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል፤ ለሕክምና የሚሳፈረውም ወገን ብዙ ነው። ሱክሁምቪት በተባለው ረጅም ጎዳና፣ ናና በሚሉት ሰፈር፣ የታመመ ዘመዱን ደግፎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ማየት፣ አማርኛ መስማት፣ እንጀራ የሚቀርብበት ቤት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሐኪሞቹ በምርመራዎቹ መካከል እህቴ ቀስ እያለች እንድትራመድ መከሯት። ከተማዪቱን ያየናት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዝግታ፣ በየጥላው አረፍ እያልን፣ እሷ ስትደክም እያቆምን። የጤነኛ ጎብኚ ችኮላ አልነበረብንም፤ በአንድ ቦታ ብዙ ቆመን ማየት ግድ ሆነብን።

ባንኮክ ለዓይን የምትበዛ ከተማ ናት። ቀዳማዊ ራማ የሚባለው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1782 በቻኦ ፍራያ ወንዝ ዳር ዋና ከተማው አደረጋት። ዛሬ በምሰሶ ላይ የተዘረጋ ባቡር ከሰው አናት በላይ ያልፋል፤ ከሥሩ እኛ ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ይሽሎከለካል፤ በየመንገዱ ጠርዝ ምግብ ይጠበሳል፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ይሸታል። ወንዙን በጀልባ ሲያቋርጡ በቻይና ሸክላ ቁርጥራጭ የተለበጠው የዋት አሩን መቅደስ ማማ በፀሐይ ያበራል። ከወዲህኛው ዳር ደግሞ ዋት ፎ አለ። በውስጡ 46 ሜትር የሚረዝም፣ 15 ሜትር የሚያህል ከፍታ ያለው፣ በወርቅ የተለበጠ፣ በጎኑ የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት ይታያል። በውስጥ እግሮቹ ላይ ከሚያብለጨልጭ ዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉ። በግድግዳው ሥር 108 የነሐስ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ምእመኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ሳንቲም ይጥልባቸዋል፤ አዳራሹ በዚያ ድምፅ ይሞላል። የውጭ አገር ሰው ለመግባት ትኬት ይቆርጣል፤ የአገሬው ሰው ግን የሚገባው በነፃ ነው፤ ወደ ጸሎት ቤቱ ነውና የሚሄደው። አንዱ በር ሁለት ዓይነት ሰው ያስገባል። የእህቴም ጥያቄ የተነሣው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ከየትኛው ነን?

ለጥያቄው በአገራችን ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ጣዖት ቤት ነው፣ እግራችሁን አታስገቡ» የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን መልስ የድንቁርና ነው ብለው ያልፉታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከአንዱ አምላክ በቀር ለሌላ አትስገድ የሚለው ትእዛዝ ከዐሥርቱ ትእዛዛት የመጀመሪያው ነው፤ አባቶቻችን ስለዚህ ትእዛዝ ደማቸውን አፍስሰዋል። እህቴ በር ላይ የቆመችው ለፍቅሯ ስለሠጋች ነው፤ የሚወደው ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሠጋው። ሁለተኛው መልስ የዘመኑ ነው፤ «ባህል ነው፣ ምን አለበት?» ይላል። ይህ መልስ ሲሰሙት ቸር ይመስላል። ነገር ግን የታይላንዷ እናት ስለ ታመመ ልጇ ተንበርክካ የምታደርገውን ልመና «ባህል» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ነገ የእኔን እህት ውዳሴ ማርያም፣ የጎረቤቴን የሙስሊሙን ሶላት፣ የጴንጤውን የሌሊት ጸሎት በዚያው ቃል ይጠቀልለዋል። ይህም የሰው ልጅ ሕይወቱን የሚያስይዝበትን ነገር ከጌጥ ጋር መደመር ነው። የመጀመሪያው መልስ የሌላውን ሰው አያየውም፤ ሁለተኛው ያያል ግን ምን እያየ እንደሆነ አያውቅም።

በሩ ላይ ቆመን ሳለ ትዝ ያለኝ ሶርያዊው ንዕማን ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደተጻፈው ንዕማን የሶርያ የጦር አለቃ ነበር፤ ለምጽ ነበረበት፤ ፈውስ ፍለጋ ከአገሩ ወጥቶ በነቢዩ በኤልሳዕ ቃል ዮርዳኖስ ወርዶ ታጠበና ነጻ። ከእንግዲህ ለእስራኤል አምላክ ብቻ እንደሚሠዋ ማለ። ከዚያ ግን አንድ የሚያሳስበውን ነገር ለነቢዩ ነገረው፤ ጌታው ንጉሡ ሬሞን ወደሚባለው ጣዖት ቤት ሲገባ በእጁ ይደገፋል፤ ንጉሡ ሲሰግድ እሱም አብሮ ማጎንበሱ አይቀርም፤ ይህን ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕ አልተቆጣውም፤ ሕግም አልደረደረለትም፤ በሰላም አሰናበተው። እኔም በሽተኛ ይዤ፣ በክንዴ ደግፌ፣ ፈውስ ፍለጋ ከአገሬ ወጥቼ እንዲያ ካለ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበርና ታሪኩ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ አልመሰለኝም። ኤልሳዕ የንዕማንን ልብ አመነ። ልቡ ለማን እንደሚሰግድ የሚያውቅ ሰው ወገቡ ሌላውን ለመደገፍ ቢያጎነብስ አምላኩን አልካደም። ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ለይታ ታስተምራለች፤ ለፈጣሪ የሚገባውን ለፍጡር አትስጥ ትላለች እንጂ ለፍጡር ክብር አትስጥ አላለችም።

ንዕማን ግን ግዴታ ነበረበት፤ ጎብኚ በፈቃዱ ነው የሚገባው ይባል ይሆናል። ለዚህ ሐዋርያው ጳውሎስን እናስታውስ። በአቴና ባልንጀሮቹን ሲጠብቅ ከተማዪቱን ዞሮ አይቷታል። ጣዖት እንደሞላባት ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጭቷል። ሆኖም ዓይኑን አልጨፈነም፤ በአንድ መሠዊያ ላይ ለማይታወቅ አምላክ የተባለ ጽሑፍ እስኪያነብ ድረስ ቀርቦ መርምሯል። መሠዊያውን አልሰበረም፤ አልሰገደለትምም። በኋላ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሰዎቹን ሲያናግር ንግግሩን የጀመረው ካየው ነገር ነው። ከእነሱ ጋር ሳይስማማ እነሱን ለማወቅ ደከመ። ስለዚህ ዓይን በራሱ ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ ሳያዩ መፍረድ ወይም ሳያከብሩ ማየት ነው።

ስለዚህ እህቴን «እንግባ፤ የምናወልቀው ጫማችንን ነው፣ እምነታችን አብሮን ይገባል» አልኳት። ገባን። ጫማ ማውለቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሙሴ በሲና የተማረው፣ እኛ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሙስሊሙ በመስጊድ ደጃፍ የምናደርገው ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈንም እዚያ ሥርዓት ነው፤ እትዬ ነጠላዋን እንደለመደችው ተከናንባ ነበርና ማንም ምንም አላላትም። ሰው ሲቀመጥ እግሩን ወደ ሐውልቱ እንዳይዘረጋ ይጠነቀቃል፤ እኛም እንዲያ ተቀመጥን። አንዲት የአገሬው አሮጊት የእህቴን ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ማለት አይታ ቦታዋን ለቀቀችላት፤ እጆቿን በደረቷ ላይ አገናኝታ ሰላምታ ሰጠቻት፤ እትዬም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ አንዷ የሌላዋን አምላክ አታመልክም። አክብሮቱ ግን ሙሉ ነበር።

ከእነዚያ የነሐስ ዕቃዎች አጠገብ የውጭ አገር ጎብኚዎች ሳንቲም ገዝተው እየሣቁ፣ እየተቀራረጹ ይጥሉ ነበር። እኔ አልጣልኩም፤ የዕጣን እንጨትም አልለኮስኩም። ይህን ሳደርግ ቡድሂስቶቹን አልናቅኩም፤ አክብሬያቸዋለሁ ብዬ አምናለሁ። እነሱ በልመና የሚጥሉትን ሳንቲም እኔ ለጨዋታ ብጥለው የእነሱን ልመና ጨዋታ አደርገዋለሁ፤ በልመና ብጥለው ደግሞ የራሴን እምነት እከዳለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው። በማያምኑበት ሥርዓት አለመሳተፍ፣ ነገር ግን በትሕትና አጠገቡ መቆም፣ ለሁለቱም እምነት የሚገባ እውነተኛ ጠባይ ነው። የራሱ ቅዱስ ነገር ያለው ሰው የሌላውን ቅዱስ ነገር ለማክበር ከማንም የተሻለ ዐቅም አለው የምለው ለዚህ ነው፤ መንበርከክ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃልና።

ከዋት ፎ አቅራቢያ ታላቁ ቤተ መንግሥት አለ፤ በግቢውም ዋት ፍራ ኬው የሚባል መቅደስ ይገኛል። የታይላንድ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ የቡድሃ ምስል እዚያ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍ ባለ ዙፋን ላይ ሩቅ ተቀምጧል። ለበጋ፣ ለክረምትና ለብርድ ወራት ሦስት የወርቅ ልብሶች አሉት፤ ልብሱን የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። እዚያ ተቀምጬ የእኛን ታቦት አሰብኩ። እኛ ዘንድ ከሁሉ የከበረው የማይታየው ነው። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ የሚያየው መጎናጸፊያውን፣ ጃንጥላውን፣ የተሸከመውን ካህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው መካከል 11 ታቦታት እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከእኛ ካህናት በቀር ማንም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች ጭምር፣ እንዳያያቸው ተደርገው ተቀምጠዋል። እነሆ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የማሳያ ቤቶች አንዱ ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ይዞ ተቀምጧል። ቅዱስ ነገር ከሚያምኑበት ሰዎች እጅ ወጥቶ ዕቃ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ታይላንዶች ቅዱሳቸውን ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ እኛ ቅዱሳችንን ሸፍነን እንይዛለን። ሁለታችንም ግን ዓይን ወሰን እንዲኖረው እንጠይቃለን።

ይህ ልመና በባንኮክ በግልጥ ተጽፎ ይታያል። ቡድሃ ለጌጥ እንዳልሆነ፣ ምስሉን ለቤት ማሳመሪያ መግዛትና በገላ ላይ መነቀስ ክብሩን መንካት እንደሆነ ጎብኚን የሚያሳስቡ ትልልቅ ሰሌዳዎች በየአውራ መንገዱ ቆመዋል። እትዬ የጽሑፉን ትርጉም ስነግራት በአንገቷ ማተብ ላይ ያለውን መስቀል ያዝ አድርጋ «እውነታቸውን ነው፤ የእኛንስ መስቀል ለጌጥ የሚያንጠለጥለው ስንቱ ነው» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በር ላይ የሠጋችው እህቴ የቡድሂስቶቹን ቅሬታ ከማንም ፈጥና የተረዳችው የራሷ መስቀል ስላላት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በማለዳ ያየነው ነው። ገና ሳይነጋ ቢጫ የለበሱ መነኮሳት ባዶ እግራቸውን፣ ዕቃቸውን አቅፈው፣ በዝምታ በየመንገዱ ያልፋሉ። ሰዎች ከየቤታቸው ደጃፍ ሩዝና ወጥ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ይሰጣሉ፤ ተንበርክከው ይመረቃሉ። መነኩሴው አያመሰግንም፤ አመስጋኙ ሰጪው ነው፤ በጎ ሥራ የሚሠራበትን ዕድል ስላገኘ። እትዬ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። ጎጃም ያደገች አያታችን የቆሎ ተማሪ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ለልጆቿ ካስቀመጠችው ላይ ቆርሳ በአኮፋዳው ትጨምርለት ነበር፤ ለሰጠችውም «እግዜር ይስጥልኝ» ባይዋ እሷው ነበረች። ደበሎ የለበሰው ተማሪና ቢጫ የለበሰው መነኩሴ ትምህርታቸው አይገናኝም፤ አንዱ ስለ ድንግል ማርያም ይለምናል፣ ሌላው ስለ ፈጣሪ ምንም በማይናገር መንገድ ላይ ነው። የእኛ ጾመኛ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይቆያል፤ የእነሱ መነኩሴ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አይበላም። ልዩነቱን አንድ ነው ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም፤ አንድ አይደለምና። ነገር ግን ሁለቱም አገሮች አንድ ነገር አውቀዋል፤ ለማኝ ሲመጣ የሚጠቀመው ቤቱ እንደሆነ። ይህን ከሌላ ሕዝብ ዘንድ ሳየው የራሴ እምነት አልቀነሰብኝም፤ ከልጅነቴ ያየሁትን የአያቴን ሥራ ክብደት ያወቅሁት ያን ጧት ነው።

በወንዙ ማዶ፣ ቶንቡሪ ውስጥ፣ ኩዲ ቺን የሚባል አሮጌ ሰፈር አለ። በእግር በሚደረስ ርቀት ውስጥ የቡድሂስት ገዳም፣ የቻይናውያን መቅደስ፣ ሳንታ ክሩዝ የሚባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ባንግ ሉዋንግ የሚባል መስጊድ ይገኛሉ። መስጊዱ ከውጭ ሲያዩት የታይላንድ ገዳም ይመስላል፤ በአገሬው አሠራር ነው የተገነባው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ታክሲን ለፖርቱጋል ዘሮች በሰጣቸው ቦታ ላይ ነው፤ ለንጉሡ ተዋግተውለት ነበርና። ታሪክ ለሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ይህ የሚያስቆም ነገር ነው። ፖርቱጋሎች ወደ እኛም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ገባ፤ ደማቸውን ከደማችን ጋር አፈሰሱ። በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ካህናት ግን ንጉሥ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት መለሱ፤ ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝም የእኛን ምእመናን እንደገና ለማጥመቅ፣ የእኛን ካህናት እንደገና ለመሾም ተነሣ። አገሩ በደም ታጠበ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቹን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። እዚያ በእንግድነት ጸንቶ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ እዚህ የባለቤቱን መሠዊያ ሊለውጥ የተነሣ እንግዳ ጦርነት ጥሎ ሄደ። እምነትን ማስረዳት ሌላ፣ በሰው መቅደስ ባለቤት መሆን ሌላ ነው።

ታይላንድን ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። በደቡብ ክፍሏ፣ በፓታኒ፣ በያላና በናራቲዋት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ሺዎች ሞተዋል፤ ቡድሂስቱም ሙስሊሙም። በባንኮክ መካከል ባለው የኤራዋን መቅደስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2015 ቦንብ ፈንድቶ 20 ሰዎች ሞተዋል። ጎብኚ የሚያየው ከተማዋ ለእንግዳ የምታሳየውን ፊት ነው። ለጎብኚም መልካም መሆን ቀላል ነው፤ ትኬቱን ይቆርጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ከቡድሂስቱ ጋር የግጦሽ መሬት አይጋራም፣ ወንበር አይሻማም፣ ልጁን አይድርለትም። የአክብሮት እውነተኛ ፈተና የሚደርሰው ከጎረቤት ጋር ነው።

ይህን የምለው የቡለን ሰው በመሆኔ ነው። በእኛ ወረዳ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገው አብሮ ይኖራል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ የአባቶቹን ልማድ የያዘውም አለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በጥይትና በእሳት አለቁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከየቀያቸው ተፈናቀሉ፤ የቡለን ከተማ በተፈናቃይ ተሞላች። በዚያን ጊዜ በዞናችን በመተከል ሰው የተጠየቀው የማን ወገን እንደሆነ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። በወገኑ ስም ብቻ የተገደለ አለ፤ በወገኑ ስም ብቻ የተጠረጠረና የተበደለ ጉሙዝም አለ። የነዚህ ሁሉ መከራ በመሬት፣ በሥልጣንና በፖለቲካ የተጠመጠመ ሰበብ አለው፤ በአክብሮት ማነስ ብቻ መጣ አልልም። ነገር ግን ሰውን ለመግደል መጀመሪያ እሱን ማየት መተው ያስፈልጋል። እጁን ለጸሎት ሲያነሣ፣ ልጁን ሲመርቅ፣ ሙታኑን ሲቀብር ያየኸውን ሰው ቁጥር ማድረግ ከባድ ነው።

እህቴ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ብርታት ተሽሏት ቡለን ተመልሳለች። በር ላይ የጠየቀችኝን ጥያቄ እዚህም ይዤዋለሁ፤ አገራችን ለጎብኚ እየተዘጋጀች ነውና። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዞናችን፣ በጉባ ተመርቋል፤ ንጋት ሐይቅን ለማየት ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። በየመስከረሙ የምናከብረውን ጋሪ ዎሮ፣ የእኛን የቦሮ ሺናሻን የዘመን መለወጫ፣ ካሜራ ይዞ የሚመጣው እየበዛ ነው። ይምጣ፤ ደስ ይለናል። ሽማግሌዎቻችን ቆመው ዝናብ በወቅቱ እንዲዘንብ፣ እህል እንዲበረክት፣ አገር ሰላም እንዲሆን ሲመርቁ ግን ያ ትርኢት አይደለም፤ ልመና ነው። የሚያየን ሰው ይህን እንዲያውቅልን እንፈልጋለን። ታዲያ ለራሳችን የምንፈልገውን ለጉሙዙ ጎረቤታችን ከፍለናል ወይ? ባንኮክ ሄደን ለማናውቀው ሕዝብ ጫማችንን ካወለቅን፣ በመንደራችን ያለውን የሌላውን ሥርዓት ስንሰማ ለምን እንስቃለን? የሌላውን መዝሙር፣ የሌላውን አዛን፣ የሌላውን ከበሮ የሰፈር ጩኸት አድርገን ለምን እንሰማዋለን?

ወደ ሩቅ አገር የምትሄድ ወገኔ፣ ወደ ሰው መቅደስ ግባ፤ ተፈቅዶልህ ግባ፤ ሥርዓቱን ጠይቀህ ጠብቅ፤ የማታምንበትን አታድርግ፤ የሚያምኑበትን አታቃል፤ ምስሉን ለጌጥ አትግዛ። ስትመለስ ደግሞ ይህንኑ አክብሮት ለሰፈርህ አድርገው። የጎረቤትህ በዓል ሲደርስ ሂድና እንኳን አደረሳችሁ በለው፤ ሲቀብር ቁምለት፤ ሲጸልይ ዝም በልለት፤ ልጅህም ስለ ጎረቤቱ እምነት ከአንተ አፍ ንቀት አይስማ። የአምላክህን አምልኮ ለማንም አታካፍል፤ አክብሮትህን ግን ለማንም አትንፈግ።